ቪትዝ፣ ስዊፍት ወይስ ኮሮላ? መልሱ ደንገጎ ላይ ነው

ድሬ ላይ መኪና ሊገዛ የመጣ ወጣት ሁለት ጥያቄ አለው። አንደኛውን ጮክ ብሎ ይጠይቃል፦ «ቤንዚን ይበላል?» ሁለተኛውን ደላላው ዞር እስኪል ይጠብቅበታል፦ «አቦ፣ ይሄ ነገር ድሪፍት ይሠራል?»

አይሠራም። ቢያንስ ስልካችሁ ላይ እንደምታዩት አይሠራም። ገበያው ላይ የሞሉት ትንንሽ የቤት መኪኖች ሞተራቸው የሚያዞረው የፊቱን ጎማ ነው። ድሪፍት ደግሞ የኋላውን ጎማ በሞተር ኃይል አሽከርክሮ፣ ኋላው ወጥቶ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ፊት የሚጎትት መኪና ላይ ነዳጅ ስትረግጡ ተቃራኒው ይሆናል። ፊቱ ይጎትትና ኋላውን መልሶ ያቃናዋል። በእጅ ፍሬን ኋላውን ማስወጣት ይቻላል። አንድ ሁለት ሰከንድ ይንሸራተታል፣ ከዚያ አለቀ። ጭስ የፈለገ ሰው ገንዘቡን እዚህ ባያፈስ ይሻለዋል።

እንዲህ ስል ግን እነዚህ መኪኖች ሲነዱ አይጣፍጡም እያልኩ አይደለም። ያቺ ፊት የምትጎትት ድንክ መኪና፣ ሚኒ ኩፐር፣ የሞንቴ ካርሎን ራሊ እ.ኤ.አ. በ1964፣ በ1965 እና በ1967 አሸንፋለች። በ1964ቱ ውድድር ከኋላዋ ሁለተኛ የወጣው ባለ ስምንት ሲሊንደር ፎርድ ፋልኮን ነበር። የዚያን ዘመን ሾፌሮች አንድ ዘዴ ነበራቸው። በቀኝ እግር ነዳጁን ሳይለቁ በግራ እግር ፍሬኑን ነካ ያደርጋሉ። የፊቱን ጎማ ሞተሩ እያዞረው ስለሆነ ቶሎ አይቆለፍም። ኋላው ግን ይያዝና ይንሸራተታል፣ አፍንጫዋም ወደ ኩርባው ትዞራለች። እቤታችሁ በር ላይ እንዳትሞክሩት። ግራ እግራችን ፍሪሲዮን መርገጥ ነው የለመደው፣ የመጀመሪያ ቀን ግንባራችሁን ከመስታወቱ ጋር ያጋጫችኋል።

ስለዚህ እኔ መኪና ስመርጥ የምጠይቀው «ኩርባ ላይ ይታዘዛል ወይ?» ብዬ ነው። ለዚያ ደግሞ እዚሁ አገራችን መፈተኛ አለን።

ሲወጡ አንድ መኪና፣ ሲወርዱ ሌላ

ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሬ 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 አካባቢ። ሐረማያና አወዳይ ከመድረሳችሁ በፊት ያለው የደንገጎ ተራራ መንገድ ግን ሌላ ነው። ኩርባ በኩርባ ላይ፣ ዳገት በዳገት ላይ።

ዳገት ላይ የመኪናው ክብደት ወደ ኋላ ይሸሻል። የሚጎትተው ደግሞ ፊቱ ነው። ጠባብ ኩርባ መሃል ላይ ነዳጅ ብትጨምሩ የውስጠኛው የፊት ጎማ ብቻውን ይሽከረከራል፣ አፍንጫውም አልታጠፍም ብሎ ወደ ውጭ ይሄዳል። መሪውን የበለጠ ማጠፍ አይጠቅምም። ነዳጁን ቀነስ ማድረግ ነው፣ ወዲያው ይመለሳል። ይህ የዋህ ጠባይ ነው፣ ያስቆጣል እንጂ አያስደነግጥም።

ቁልቁለት ላይ ሁሉም ነገር ይገለበጣል። ክብደቱ ፊት ላይ ይወድቃል፣ ኋላው እንደ ላባ ይቀልላል። በዚያ ላይ ኩርባ ውስጥ እያላችሁ ደንግጣችሁ እግራችሁን ከነዳጁ ብታነሱ ኋላው መንገዱን ይለቃል።

ይህን ከሰው አልሰማሁትም። ነሐሴ ላይ ከሐረር በቪትዜ እየወረድኩ ነበር። ካፊያ ጥሎ አስፋልቱ ላይ የከረመውን አቧራ ወደ ሳሙና ለውጦታል። ኩርባው መሃል ስደርስ ከፊቴ ያለ አይሱዙ ፍሬን ያዘ። እግሬን በድንገት አነሳሁ። ኋላዬ ቀስ ብሎ፣ ምንም ድምፅ ሳያሰማ፣ ወደ ቀኝ ሄደ። በጎን መስኮት ነው መንገዱን ያየሁት። መሪውን ወደ ሄደበት መለስኩ፣ ነዳጅ ነካ አደረግኩ፣ ተቃናች። ዳር ይዤ ስቆም እግሬ ይንቀጠቀጣል። ከዳገቱ ላይ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ሁሉንም አይቷል። «ድገመው!» አለኝ።

ጥፋቱ የኔም የጎማውም ነበር። ከሳምንት በፊት ሁለት አዲስ ጎማ ገዝቼ ጎሚስታ ጋ ሄጃለሁ። «የሚጎትተው ፊቱ ነው፣ አዲሶቹን ፊት እናድርጋቸው» አለኝ። ልክ ይመስላል አይደል? እኔም ልክ መሰለኝ። ነገር ግን ፊት አዲስ፣ ኋላ ያለቀ ጎማ ማለት ፊቱ ሲይዝ ኋላው የሚለቅ መኪና ማለት ነው። ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ ካላችሁ ቦታቸው ኋላ ነው። የጎማ አምራቾችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከፍታው ይወስዳል። ተራ የቤንዚን ሞተር በየ100 ሜትሩ ከፍታ 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ወረቀቱ ላይ 70 የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና ድሬ ላይ 61 ገደማ፣ ሐረር ሲደርስ 57 ገደማ ነው የሚቀረው። አራት ሰውና አንድ ጆንያ ድንች ጭኖ ደንገጎን ሲወጣ ምን እንደሚመስል እናንተው አስቡት።

ቪትዝ

የማወራው እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2005 ስለተሠራችው ክብ የቶዮታ ቪትዝ ነው። ባለ 1.0 ሊትሯ 70 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው ያላት፣ ግን ከ900 ኪሎ በታች ናት። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 2.37 ሜትር ነው። አጭር ናት። አጭር መኪና መሪ ስትነኩት ይሰማል። ደንገጎ ላይ ከኩርባ ወደ ኩርባ ስትገለባብጧት እንደ ፍየል ግልገል ትዘላለች፣ በዚህ በኩል የሚያክላት የለም። ያው አጭርነቷ ግን ስትንሸራተትም ፈጣን ያደርጋታል። ኋላዋ ከወጣ ለማሰብ ጊዜ አትሰጥም።

የምትመርጡ ከሆነ 1.3ቷን ፈልጉ። 87 ገደማ የፈረስ ጉልበት አላት፣ ዳገት ላይ ልዩነቱ ከወረቀቱ በላይ ይሰማል። ካምቢዮዋ ማኑዋል ይሁን። አውቶማቲኳ ኩርባ መሃል ማርሽ መቀየር ትወዳለች፣ ይህ ደግሞ ልክ እናንተ ሳትፈልጉ ነው የሚሆነው። 1.5 ሊትሯ አርኤስ የምትባለው 110 ገደማ አላት። አንድ ሰው አለኝ ቢላችሁ መጀመሪያ ሊብሬውንና የሞተሩን ቁጥር አስተያዩ።

ከጃፓን የመጡት ሲሠሩ መሪያቸው ቀኝ ነበር። መሪው የዞረ ከሆነ ጎንበስ ብላችሁ ዳሽቦርዱ ሥር ብየዳውን ተመልከቱ። በፍጥነት ልትነዱት ያሰባችሁት መኪና መሪ ላይ «ይበቃል» የሚባል ብየዳ የለም።

መለዋወጫዋስ? ቀፊራ ገበያ ገብታችሁ ቲማቲም እንደመግዛት ነው። የማያውቃት መካኒክ የለም።

ስዊፍት

እ.ኤ.አ. የ2004–2010ሯ የሱዙኪ ስዊፍት ባለ 1.3 ሊትር፣ 90 ገደማ የፈረስ ጉልበት አላት። ክብደቷ አንድ ሺህ ኪሎ አካባቢ ነው። በጎማዎቿ መካከል ያለው ርቀት ከቪትዝ ብዙም አይበልጥም፣ 2.39 ሜትር ገደማ። አነዳዷ ግን ሌላ ነው። ጎማዎቿ አራቱ ማዕዘን ላይ ተዘርግተዋል፣ ሞላዋም ጠንከር ያለ ነው። ኩርባ ላይ አትዘምም። ከሁሉ የምወድላት ማስጠንቀቋን ነው። ኋላዋ ከመልቀቁ በፊት መቀመጫችሁ ላይ ይሰማችኋል። ቪትዝ ከለቀቀች በኋላ ነው የምትነግራችሁ።

ይህን ለመለየት ሁለቱንም ከመልካ ጀብዱ ወዲያ ባለ ባዶ ሜዳ ላይ ሞክሬያቸዋለሁ። አንድ ባዶ ጀሪካን አቆምኩ፣ በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቀርቤ፣ መሪ አጠፍኩ፣ ፍሪሲዮን ረግጬ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። ስዊፍት ጀሪካኑን ዞራ መጣች። ቪትዝ ጀሪካኑን ዞራ፣ እኔንም አዙራ፣ ወደ መጣሁበት ፊቷን መልሳ ቆመች። አፈር ላይ በ30 ፍጥነት ይህ ጨዋታ ነው። ደንገጎ ላይ የጫት መኪናና የግመል መንጋ መሃል ጨዋታ አይደለም። ሙከራችሁን ሜዳ ላይ ጨርሱ።

የስዊፍት ችግሩ ሁለት ነው። ጀጎል አካባቢ ያለው ድንጋይ ንጣፍ ወገብ ላይ ይመጣል። መለዋወጫዋም እንደ ቶዮታ በየሱቁ አይገኝም፣ አንዳንዴ አዲስ አበባ ይታዘዛል። 125 የፈረስ ጉልበት ያላት 1.6 ሊትር ስዊፍት ስፖርት ከተገኘች ደግሞ ይህን ጽሑፍ ማንበብ አቁማችሁ ቀብድ ክፈሉ።

ኮሮላና ዲዛየር

እ.ኤ.አ. የ2000–2007ቷ የቶዮታ ኮሮላ በጎማዎቿ መካከል 2.6 ሜትር አላት። ረጅም ናት፣ ስለዚህ ትዕግሥተኛ ናት። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ብትለቁባት ኋላዋ የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው። የ1.6 ሊትሯ 110 የፈረስ ጉልበት ዘመድ ተጭኖም ዳገቱን አይፈራም። ለቁልቢ ጉዞ፣ ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለሁሉም ትሆናለች። ደስታዋ ግን ደብዘዝ ያለ ነው። ትዞራለች፣ አትጨፍርም።

የሱዙኪዋን ዲዛየር በአጭሩ። ቀላል ናት፣ ቤንዚን አትበላም፣ ለታክሲ ሥራ ግሩም ናት። ሞላዋ ለስላሳ፣ ጎማዋ ቀጭን ነው። ኩርባ ላይ እንድትታዘዝ የሚፈልግ ሰው ሌላ ቢያይ ይሻላል። ያገለገለች ከሆነም ብዙ ኪሎ ሜትር የሠራች መሆኗን ገምቱ።

«እኔ ግን ድሪፍት ነው የምፈልገው» ለሚል

እንግዲያው ኋላ የሚገፋ ግዛ። ያቺ በየሰፈሩ ያለችው ዲኤክስ፣ የድሮዋ ኮሮላ፣ ሞተሯ የሚገፋው የኋላውን ጎማ ነው። የኮሮላ ሴዳን ወደ ፊት ጎታችነት የዞረው እ.ኤ.አ. ከ1983 ጀምሮ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ኩፔው ኤኢ86 ግን ኋላ ገፊ ሆኖ ቀረ፣ ለዚህም ነው የድሪፍት ሰዎች ስሙን እንደ ጸሎት የሚደጋግሙት። ዲኤክስ 1.3 ሊትር ሞተሯ ደረቅ አስፋልት ላይ ጎማ ለማጨስ አቅሙ የለውም። አፈርና አሸዋ ላይ ግን ትጫወታለች።

ሐረርም ሌላ ኋላ ገፊ አለላችሁ። የከተማዋ መታወቂያ የሆነው የታክሲ ፔጆ፣ 404ቱ፣ የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ከዚያም በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ያሸነፈ ዘር ነው። ወንበሩ ላይ ሁለት ቅርጫት ማንጎና አንዲት እናት ተቀምጠው ስታዩት ግን ይህ ትዝ አይላችሁም።

ኤሌክትሪኩ

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ ከላይ የዘረዘርኳቸው ሁሉ ያገለገሉ ናቸው፣ ዋጋቸውም ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም። ስለዚህ ነው ቁጥር የማልጽፈው። አዲስ የሚፈልግ ኤሌክትሪክ ያያል። ትንሿን ቢዋይዲ ሲጋልን ብንወስድ 75 የፈረስ ጉልበት አላት፣ እሷም ፊት ጎታች ናት። ከፍታ ሞተሯን አይነካውም። ደንገጎን ስትወጣ የቤንዚን ጓደኞቿን ታሳፍራለች። ኃይሉ ከቆመችበት ስለሚመጣ ግን እርጥብ ዳገት ላይ ሙሉ ብትረግጡ የፊት ጎማዋ ባዶውን ይሽከረከራል። የእጅ ፍሬኗ በቁልፍ የሚጫን ስለሆነ የጀሪካኑን ጨዋታ እርሱት።

አንድ ምክር፦ ሐረር ላይ ባትሪውን ጢም አድርጋችሁ ሞልታችሁ አትውረዱ። ሞተሩ ቁልቁለት ላይ የሚይዛችሁ ኃይሉን ወደ ባትሪው እየመለሰ ነው። ባትሪው ከሞላ የሚመልስበት ቦታ የለውም፣ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

ከመክፈላችሁ በፊት

መሪውን እስከ መጨረሻው አጥፋችሁ ቀስ እያላችሁ ዙሩ። ከፊት ጎማው «ቃ ቃ ቃ» የሚል ድምፅ ከመጣ ሲቪ ጆይንቱ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል ወደሚታጠፈው ጎማ የሚያደርሰው መጋጠሚያ፣ አልቋል። ፊት የሚጎትት መኪና ላይ መጎተቱም መታጠፉም በእሱ ላይ ስለሆነ ብዙ ያስወጣል። ቀጥሎ አፈር ላይ በዝግታ እየሄዳችሁ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች እኩል መያዝ አለባቸው። አንዱ ብቻ ከያዘ ኬብሉ ወይም ሸራው ችግር አለበት። ሻጩ ይህን ስታደርጉ ከተቆጣ እሱም አንድ መልስ ነው።

የኔ ምርጫ? ብቻዬን ብሆንና መለዋወጫ ለመጠበቅ ትዕግሥቱ ቢኖረኝ ስዊፍት። ልጆች ካሉ ኮሮላ። እስካሁን ግን የምነዳው ያቺን 1.3 ማኑዋል ቪትዝ ነው። አዲሶቹ ጎማዎቿ አሁን ኋላ ናቸው። ጎሚስታው ዛሬም ባለፍኩ ቁጥር ወደ ጎማዎቹ እያየ ራሱን ይነቀንቃል።