የፒክአፕ ተሳቢ ክንድ፦ አዲስ ተስተካካይ ይሻላል ወይስ ያገለገለ ኦርጅናል?

ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት ተሳቢ ይዤ ስመላለስ ያየኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ክንዷን ከየት ገዛሃት? ስንት ገባች?» ባለፈው ወር ብቻ ሦስት ሰው ደወለልኝ። አንዱ ብሩን ይዞ አዲስ አበባ ሊሄድ ተነስቶ ነበር። ለሁሉም አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ክንድ የምለው ከመኪናው ኋላ፣ ሻንሲው ስር ካለው አራት ማዕዘን ማስገቢያ የምትገባውን ብረት ነው። ጫፏ ላይ የተሳቢው አፍ የሚያርፍባትን የብረት ኳስ ትሸከማለች። ፒክአፕ ከፍ ይላል፣ ተሳቢው ዝቅ ይላል። ልዩነቱን የምታስተካክለው ወደ ታች የታጠፈችው ክንድ ናት። ተሳቢው ሜዳ ላይ እንደቆመ ጠረጴዛ ልክ ሆኖ መጎተት አለበት።

እኔ የምመርጠውን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ያገለገለ ኦርጅናል፣ አንድ ወጥ የሆነ፣ ዝቅታው ተለክቶ የተገዛ ክንድ ነው።

እዚህ የደረስኩት ገንዘቤን ከበላሁ በኋላ ነው። መጀመሪያ አዲስ ተስተካካይ ክንድ ገዛሁ። ተስተካካይ ማለት ቁመቱ ላይ ቀዳዳዎች ያሉት፣ ኳሷን በስፒል ከፍና ዝቅ የምታደርጉበት ነው። የገዛሁት ለምን ይመስላችኋል? መለካት ስላልፈለግሁ ነው። «ቤት ሄጄ አስተካክላለሁ» አልኩ። ሻጩም «አዲስ እያለ ያገለገለ ምን ያደርግልሃል?» አለኝ። 17,000 ብር ከፈልኩ። በአራተኛው ወር ቀዳዳዎቹ ሰፉ። ጉድጓድ በገባሁ ቁጥር ኳ! ኳ! ይላል። ቶርኖ ቤት ወፍራም ስፒል አስወጣሁለት፣ 1,200 ብር። ከዚያ ብየዳው ተሰነጠቀ። አስበየድኩት፣ 900 ብር። እንደገና ተሰነጠቀ፣ ሌላ 900። ደምሩት፤ 20,000 ብር።

ሁለተኛውን ስንጥቅ ያየሁት ደብረ ሲና ቆሎ ልገዛ ስቆም ነው። ጣርማ በርን በጉም ወርጄ መምጣቴ ነበር። ድንች ጭኛለሁ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ስንጥቁ የጣት ጥፍር ያስገባል። እዚያ ቁልቁለት ላይ ቢለቅ ኖሮ ከኋላዬ አይሱዙና አውቶቡስ ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል። የዚያን ዕለት ተሳቢውን እዚያው ፈትቼ፣ ድንቹን በሌላ መኪና ላክሁት።

መለካት ነጻ ነው፣ ሜትር ብቻ ነው የሚፈልገው። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ። ከመሬት እስከ ማስገቢያው ቀዳዳ የውስጥ ጣሪያ ለኩ። ቀጥሎ ተሳቢውን ልክ አድርጋችሁ አቁሙና ከመሬት እስከ አፉ የታች ከንፈር ለኩ። ልዩነቱ ዝቅታችሁ ነው። ግን መኪናው ተጭኖ ይለካ! የኔ ባዶውን 59 ሳንቲ ሜትር ነበር፤ ጭነት ሲገባ ባሌስትራው ተኝቶ 55 ሆነ። የተሳቢው አፍ 45 ነው። ስለዚህ የሚያስፈልገኝ 10 ነው። ጓደኛዬ ባዶውን ለክቶ 15 ገዛ። ተሳቢው በፊቱ ተደፋ። የመኪናው ኋላ ተጫነ፣ ፊቱ ቀለለ፣ መሪው ላላ፣ ማታ መብራቱ የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይወጋል። በተቃራኒው ተሳቢው ፊቱን ወደ ላይ ካነሳ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሽና ጅራቱ መወዛወዝ ይጀምራል። ይኼኛው ይብሳል።

ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ኳሷ ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው። 1,000 ኪሎ ከሆነ ከ100 እስከ 150 ኪሎ ማለት ነው። የእህል ሚዛን ላይ አፉን አሳርፋችሁ ማየት ትችላላችሁ። ሚዛኑን ኳሷ ባለችበት ከፍታ አድርጉት።

ወደ ዋጋው ልመለስ። ያገለገለውን ኦርጅናል አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ 11,000 ብር አሉኝ። ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ፣ 9,500 አሉ። ሌላ ሱቅ ዞሬ ስመለስ በ8,500 ሰጡኝ። አዲስ ኦርጅናል 26,000 ብለውኛል፤ ከሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ለኔ ኪስ አይቀመስም። ያገለገለ ስትገዙ ዝገት አያስፈራችሁ፣ የላይ ዝገት ይፋቃል። የሚያስፈራው አዲስ ቀለም ነው። ቀለሙን በቁልፍ ፋቅ አድርጉ፤ ስር የብየዳ መስመር ካለ ተዉት። የመሸከም አቅሙ ብረቱ ላይ ተመትቶ መጻፍ አለበት፣ ስቲከር አይቆጠርም። ማስገቢያችሁ ውስጥ ከታችሁ ነቅንቁት፤ ከተንቀጫቀጨ አይሆንም።

የኳሷንም ልክ እዩ። 50 ሚሊ ሜትር አለ፣ ባለ 2 ኢንች ደግሞ 50.8 ነው። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ በታች ስለሆነ በዓይን አይለይም። ለ50 የተሠራ አፍ ትልቋ ላይ በትክክል አይቀመጥም፣ ለ2 ኢንች የተሠራው ትንሿ ላይ ይላላል። ቁጥሩ ኳሷ አናት ላይ ተጽፏል።

ሰፈር ብየዳ ቤት የሚሠራው 4,500 ብር ይፈጃል። ከቱቦላሬ ከሆነ ለእርሻ ውስጥ የውሃ በርሜል ካልሆነ አልመክርም። ዝቅታው በረዘመ ቁጥር ብየዳው ላይ የሚያርፈው ጫና ይበዛል። ተስተካካይ የሚያስፈልገው ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን ተሳቢ ለሚጎትት ሰው ነው። እሱም ቢሆን ኦርጅናል ካገኘ።

የትኛውንም ግዙ፣ የተሳቢውን ሁለት የደህንነት ሰንሰለቶች ከአፉ ስር አጠላልፋችሁ ከመኪናው ጋር እሰሩ።

የኔዋን ከገዛሁ ሁለት ክረምት አለፈ። 400 ብር አውጥቼ ስፒሏን ቀየርኩ፣ አልፎ አልፎ ኳሷን ግራሶ እቀባታለሁ። ሌላ ወጪ የለባትም። አሮጌው ተስተካካይ ግቢ ውስጥ ተጥሏል። በ6,000 ብር የጠየቀኝ ሰው ነበር፣ አልሸጥኩለትም። ሰውየው በጣርማ በር ነው የሚመላለሰው።