ቀለበቷን ሳይቆርጥ ላወጣልን ወርቅ ሠሪ

ካለፈው ወር ጀምሮ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ እያስቆምኩ ስለዚህ ልጅ ስናገር ነው የከረምኩት። ዛሬ ደግሞ ለእናንተ ልጻፈው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ባለቤቴ የጉልበት ኦፕራሲዮን ቀጠሮ ተያዘላት። ጌጣጌጥ ሁሉ ወልቆ ይምጣ ተባለ። ቀለበቷ ግን አልወልቅ አለ። ጣቶቿ አብጠዋል። 22 ዓመት የሆቴል አንሶላ ስትቀይርና መታጠቢያ ቤት ስትፈትግ የኖረች ሴት እጅ ነው። በሳሙና ሞከርን፣ በዘይት ሞከርን፣ በበረዶ ሞከርን። ወይ ፍንክች።

መጀመሪያ የሄድንበት ሱቅ ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም። ጣቷን ይዞ ጎተተ። "አመመኝ" ስትለው "እንግዲያው ይቆረጣል" አለ። መልሶ ይጠግነዋል ብለን ስንጠብቅ፣ ስብርባሪውን በግራም ልግዛችሁ አለን! ሁለተኛው ቦታ የባሰ ነው። ቀለሙን አይቶ "ይሄ ወርቅ መሆኑን እጠራጠራለሁ" አላት ፊት ለፊት። መኪና ውስጥ እስክንገባ ድረስ ምንም አልተናገረችም። ከዚያ አለቀሰች። የዚያን ቀን ንዴት እስካሁን አልወጣልኝም።

ያንን ቀለበት የገዛነው በ1978 ዓ.ም. ኦምዱርማን ገበያ ነው። በመተማ በእግራችን ወጥተን፣ ገዳሪፍ ከርመን፣ ካርቱም ገባን። እሷ ሰው ቤት እየሠራች፣ እኔ ጡብ እየተሸከምኩ ነው ያጠራቀምነው። ገንዘቡ ለሁለት ቀለበት አልበቃም። ለእሷ ብቻ ተገዛ። በዚህ ዓመት 40 ዓመት ሞላን።

ወደ ወርቅ ሠሪው የመራን አንድ የቤተክርስቲያን ሰው ነው። ሱቁ እዚሁ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። አባቱም ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ነበሩ። ገና ከበሩ ስንገባ ተነስቶ ወንበር ሳበላት። "እናቴ፣ ለአሁኑ ቀለበቱን አይነካኩት። መጀመሪያ ሻይ ይጠጡ" አላት። ሁለተኛው ሱቅ ያላትን ስነግረው አዘነ። የሱዳን ወርቅ 21 ካራት ነው፣ እዚህ የለመዱት 14 ነው፣ ቢጫነቱ እንግዳ ሆኖባቸው ነው ብሎ አስረዳን። ባለቤቴ ያኔ ትንሽ ፊቷ ፈታ አለ።

እጇን ከፍ አድርጎ ትራስ ላይ አሳረፈላት። ቀጭን ክር አወጣ። እንዴት እንደጠመጠመው፣ በየት አስገብቶ በየት እንዳወጣው አትጠይቁኝ። ዓይኔ እያየ አልገባኝም። ብቻ ቀስ እያለ፣ "አመምዎት?" እያለ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ቆየ። ቀለበቱ ወጣ። ሳይቆረጥ!

ከዚያ ውስጡን በማጉያ መነጽር አየና ፊቱ ተለወጠ። "እዚች ጋ ተፍቆ ተፈትሿል። እነዚያ ሱቆች ናቸው እንዲህ ያደረጉት?" አለ። አይደለም፣ እዚያ ከጣቷ መች ወለቀና አልኩት። ባለቤቴ ዝም ብላ ቆየችና "እኔ ነኝ" አለች።

እንደ ፈረንጆቹ በ1996፣ በእኛ ገና ሰሞን ዋሽንግተን በረዶ የተቀበረችበት ጊዜ ትዝ ይላችኋል? እኔ በረዶው ላይ ወድቄ እግሬን ተሰበርኩ። ታክሲው ቆመ። ያን ክረምት የቤት ኪራይ አንድም ቀን አልዘገየም። እቁብ ደረሰኝ ብላኝ ነበር። ቀለበቷስ ስላት የሆቴሉ ሳሙና እያሳከከኝ አውልቄዋለሁ አለችኝ። 5 ወር ሙሉ ያንን ሳሙና ስረግም ከረምኩ። ለካ ቀለበቱ መያዣ ሱቅ ነበር። በትርፍ ሰዓት እየሠራች ነው ያስለቀቀችው። ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

የምናገረው ጠፋኝ። ወርቅ ሠሪው "ውሃ ላምጣላችሁ" ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። ቆይቶ፣ ቆይቶ ተመለሰ። ውሃ ግን አልያዘም። ለእኛ ብሎ እንደወጣ ያኔ ገባኝ። ለዚህች ብቻ እድሜ ልኬን አመሰግነዋለሁ።

ሲመለስ "ጭረቱን ላጥፋው ወይስ ይቆይ?" ብሎ ጠየቀ። እኔ ይቆይ አልኩ። እሷ "አጥፋው ልጄ፣ ያለፈ ነገር ነው" አለች። እኔን አየት አድርጎ "ባለንብረቷ እሳቸው ናቸው" አለና አጠፋው። በ3 ቀን ውስጥ ወርቅ ጨምሮ አሰፋላት። የተጨመረው የት ጋ እንደሆነ ፈልጌ አላገኘሁትም። ያስከፈለን የወርቁን ዋጋ ብቻ ነው። የእጅህንስ ስለው "ሻይ ጠጥታችሁልኛል" አለ።

ወገኖቼ፣ የጠበበ፣ የተሰበረ፣ ከእናታችሁ የወረሳችሁት ነገር ካለ ለማንም አትስጡ። ወደዚህ ልጅ ሂዱ። አረጋውያን ወላጆች ያሏችሁ በተለይ ይዛችኋቸው ሂዱ። ስሙንና ስልኩን እዚህ እንዳላወጣ ስለለመነኝ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ለሁሉም እመልሳለሁ።

የኦፕራሲዮኑ ቀን ቀለበቱ የሸሚዜ ኪስ ውስጥ ነበር። ስትነቃ ስለ ጉልበቷ አልጠየቀችም። እጇን ዘረጋችልኝ። ሰተት ብሎ ገባ።