የእማዬ ዊልቸር ከወራት በኋላ፦ «24 ነው» ላልከኝ ሻጭ

«የኋላው ጎማ 24 ኢንች ነው፤ የብስክሌት ጎማ ይገባለታል፣ አታስብ» ብለህ የሸጥክልኝ ወንድሜ፣ አልገባም።

ዊልቸሩ ተራ የሚታጠፍ ብረት ነው፤ ከኋላ ትልልቅ ባለ ንፋስ ጎማ፣ ከፊት 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆኑ ድፍን ጎማዎች። እኛ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ጥላ ለጥላ ሲሄድ አያስቸግርም፤ ታጥፎም ባጃጅ ይገባል። ነገሩ የመጣው የኋላው ጎማ እሾህ ላይ ወጥቶ ጎኑ ሲቀደድ ነው። ጎሚስታው 24 የተጻፈበት አዲስ የብስክሌት ጎማ አምጥቶ ታገለ፣ ላቡ ጠብ እስኪል። ቸርኬው ላይ አልወጣ አለ። በመጨረሻ የአሮጌውን ጎን ጠርጎ አነበበ፤ 37-540። አዲሱ ላይ ያለው 507 ነው። ሁለቱም 24 ይባላሉ እንጂ ቸርኬው ላይ የሚቀመጡበት ዲያሜትር (540 እና 507) በ33 ሚሊ ሜትር ይለያያል። አቦ፣ ይህን የሚያውቅ ሻጭ አንድ ትርፍ ጎማ አብሮ ቢያቀርብ ምን ይጎዳው ነበር? ዘመድ ከአዲስ አበባ ፈልጎ እስኪልክልን እማዬ ቤት ዋለች።

«ድፍን ጎማ ያለውን ውሰድ ብዬህ ነበር» ትለኝ ይሆናል። ብለኸኛል፤ እሾህ እንደማይበሳውም አውቃለሁ። አራቱም ጎማ ትንንሽ የሆነውንም «ለጉዞ ቀላል» ብለህ አሳይተኸኛል። ለሆስፒታል ኮሪደር ይሆናል። እኔ የገዛሁት ግን እማዬ ሐረርን እንድታይ ነው። በግንብ የታጠረው አሮጌው ከተማ፣ ጀጎል፣ በዓለም ቅርስነት ከተመዘገበ ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝናው ጨምሮ ይሆናል፤ ድንጋዩ ግን ለዊልቸር ብሎ አልለሰለሰም። ከፈረስ መጋላ ወደ መኪና ግርግር ስንወርድ የፊቶቹ ጎማዎች በየድንጋዩ ቀጥ ይላሉ፤ ያኔ ወንበሩን አዙሮ በትልልቆቹ ጎማዎች ወደ ኋላ መጎተት ነው። ንፋሱ ንዝረቱን ይውጠዋል፤ ወገቧን የሚያማት እማዬ ስለ ወገቧ አንድም አልተናገረችም። ያማረረችው ሌላ ነገር ነው።

«ያለፍኩትን ብቻ ነው እንዴ የምታሳየኝ?»

ማታ ጅብ የሚመገብበት ስንደርስማ ፍሬኑን ልቀቅልኝ፣ ልጠጋ አለች። ሁለቱንም ጎማ አስሬ እጀታውን ይዤ ቆምኩ። ጅቡ ከእኛ ይልቅ ሥጋው ነበር ያሳሰበው፤ እሷ ግን ወደ ድሬዳዋ ስንመለስ እስከ ደንገጎ ድረስ ያወራችው ስለሱ ነው።

ስለዚህ ባለ ንፋሱን በመግዛቴ አልጸጸትም፤ ነገም ልግዛ ብባል እሱኑ ነው። ገዢ ግን 24 ሲሉት እሺ ብሎ አይውጣ፤ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ያንብብ፣ ትርፍ ጎማም እዚያው ይጠይቅ። እኔ ሁለት 37-540 አልጋ ስር አስቀምጫለሁ። እማዬ ደግሞ ሐምሌ 19 ቁልቢ ካልሄድኩ እያለች ነው። የፊቶቹን ትንንሽ ጎማዎች ተለቅ ባሉ ሳላስቀይር እንደማልወስዳት ገና አልነገርኳትም።