ለቤት የሚሆን አነስተኛ የኤችዲ ቪዲዮ ካሜራ፦ የሦስት ሞዴሎች ንጽጽር

በአነስተኛ የቪዲዮ ካሜራዎች ማሸጊያ ላይ በትልቁ ተጽፎ የሚታየው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ የዙሙ ነው፤ 30 እጥፍ፣ 32 እጥፍ፣ አንዳንዴም 50 እጥፍ ይላል። ቤተሰቡን ለመቅረጽ ካሜራ የሚገዛ ሰው ግን ከዚህ ቁጥር በፊት ሦስት ነገሮችን ቢመረምር ይሻለዋል፤ ካሜራው በደብዛዛ ብርሃን እንዴት እንደሚቀርጽ፣ በጠባብ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው በአንድ ጊዜ እንደሚያሳይና ድምፅን ምን ያህል አጥርቶ እንደሚይዝ። የቤት ቪዲዮ በአብዛኛው የሚቀረጸው ማታ፣ በአምፖል ብርሃን፣ ከሁለትና ከሦስት ሜትር ርቀት ስለሆነ የካሜራው ጥንካሬም ሆነ ድክመት የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው።

እዚህ ጎን ለጎን የምናያቸው ሶኒ ኤችዲአር-ሲኤክስ405፣ ካኖን ኤችኤፍ አር800 እና ፓናሶኒክ ኤችሲ-ቪ770 ናቸው። ሦስቱም እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2017 ባሉት ዓመታት የወጡ ሲሆኑ ሙሉ ኤችዲ፣ ማለትም 1920 በ1080 ፒክስል ይቀርጻሉ። ሶኒው ከሦስቱ ትንሹና ቀላሉ ነው፤ ካኖኑ መካከለኛ ነው፤ ፓናሶኒኩ ደግሞ በክብደትም በአቅምም ከሁለቱ ይበልጣል።

አስቀድሞ ግን አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፤ ስልክ አይበቃም ወይ? ሁለትና ሦስት ደቂቃ እየቀረጸ ለወዳጅ ዘመድ የሚልክ ሰው ጥሩ ስልክ ካለው፣ ሌላ ካሜራ መግዛት አያስፈልገውም ብዬ አምናለሁ። የቪዲዮ ካሜራ ዋጋውን የሚያወጣው ቀረጻው ሲረዝም ነው። የልጆችን የትምህርት ቤት ዝግጅት ወይም የሰርግ ሥነ ሥርዓት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚቀርጽ ሰው በመሃል ስልክ ሲደወልበት፣ መሣሪያው ሲግልበት ወይም ማስቀመጫው ሲሞላበት ያመለጠውን መልሶ አያገኘውም። ብዙ የፎቶ ካሜራዎችም ቢሆኑ በአውሮፓ የቀረጥ አመዳደብ ምክንያት ከ30 ደቂቃ በላይ ያለማቋረጥ እንዳይቀርጹ ተደርገው ይሠሩ ነበር፤ የቪዲዮ ካሜራ ግን ባትሪውና ካርዱ እስከፈቀዱለት ድረስ ይቀርጻል።

ብርሃን

ትልቁ ልዩነት ያለው እዚህ ነው። ምስሉን የሚቀበለው ሴንሰር በሶኒው 1/5.8 ኢንች፣ በካኖኑ 1/4.85 ኢንች፣ በፓናሶኒኩ 1/2.3 ኢንች ነው። በእነዚህ ክፍልፋዮች ከታች ያለው ቁጥር ባነሰ መጠን ሴንሰሩ ይተልቃል፤ የሶኒው ሴንሰር ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሲለካ ሦስት ሚሊሜትር ያህል ሲሆን የፓናሶኒኩ ወደ ስምንት ሚሊሜትር ይጠጋል። በፀሐይ ብርሃን ደጅ ሲቀርጹ የሦስቱን ምስል ለይቶ ማወቅ ቀላል አይደለም። ማታ ሳሎን ውስጥ በአንድ አምፖል ሲቀረጽ ግን በትንሹ ሴንሰር የተያዘው ምስል በጥቁር ፀጉርና በጠቆረ ልብስ ላይ የሚርመሰመስ ነጠብጣብ ያሳያል፤ ፊትም ጥራቱን ያጣል። የሶኒው ሴንሰር ከጀርባው ብርሃን በሚቀበል አሠራር የተሠራ በመሆኑ ለመጠኑ ጥሩ ይሠራል፤ ይሁን እንጂ ያው አሠራር በፓናሶኒኩ ትልቅ ሴንሰር ላይም አለና ልዩነቱን አይሞላውም።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝና ብዙ ገዢዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። የሶኒው ሌንስ ብርሃን የሚያስገባበት ቀዳዳ ዙም ሳይደረግ ኤፍ1.8 ሲሆን ዙሙ ጫፍ ሲደርስ ወደ ኤፍ4.0 ይጠባል (የኤፍ ቁጥር ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል)፤ ይህ ማለት ወደ ሴንሰሩ የሚገባው ብርሃን ወደ አንድ አምስተኛ ይወርዳል ማለት ነው። በሌሎቹም ሌንሶች፣ መጠኑ ይለያይ እንጂ፣ ዙም ሲደረግ ብርሃን ይቀንሳል። ስለዚህ በጨለም ያለ ክፍል ውስጥ የትኛውም ካሜራ ቢያዝ፣ ዙም ከማድረግ ሁለት እርምጃ መቅረብ የተሻለ ምስል ያስገኛል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ትልቅ የዙም ቁጥር ለቤት ውስጥ ቀረጻ ያን ያህል የማይረዳውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሌንሱ ስፋትና ዙም

ሌንሱ ምን ያህል ሰፊ ቦታ እንደሚያሳይ የሚነግረው በ35 ሚሊሜትር ፊልም ልክ የሚሰጠው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ እይታው ይሰፋል። የሶኒው ከ26.8 ሚሊሜትር ይጀምራል፤ የፓናሶኒኩ ወደ 30 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የካኖኑ በተለመደው የኦፕቲካል ዙም፣ ማለትም በሌንሱ በራሱ በሚያቀርበው ዙም፣ አሠራር ከ38.5 ሚሊሜትር ይጀምርና የላቀ ዙም የተባለው አሠራር ሲበራ ወደ 32.5 ሚሊሜትር ይሰፋል። ይህ በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው፤ ግድግዳው ሦስት ሜትር ርቆ ከቆመ፣ ሶኒው ከአራት ሜትር በላይ የሆነ ስፋት ሲያሳይ ካኖኑ በ38.5 ሚሊሜትር ሦስት ሜትር የማይሞላ ያሳያል። ሶፋ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ አምስት ሰዎች በአንዱ ሁሉም ሲገቡ፣ በሌላው ዳርና ዳር ያሉት ይቆረጣሉ፤ ቀራጩ ወደ ኋላ ልሸሽ ቢል ደግሞ ጀርባው ግድግዳ ነው።

በዙም በኩል ሶኒው 30፣ ካኖኑ 32፣ ፓናሶኒኩ 20 እጥፍ ኦፕቲካል ዙም አላቸው። ከአዳራሽ ጀርባ ሆኖ መድረክ ላይ ያለን ልጅ ለመቅረጽ 20 እጥፍም ይበቃል። ዲጂታል ዙም የሚባለውን ግን ከቁጥር ባናስገባው ይሻላል፤ የተያዘውን ምስል ቆርጦ ከማሳደግ ሌላ የሚጨምረው ነገር የለም።

የእጅ መንቀጥቀጥን ለማረጋጋት በሦስቱም ካሜራዎች የሌንስ ክፍል የሚያንቀሳቅስ ኦፕቲካል ማረጋጊያ አለ። ቆሞ ለመቅረጽ በቂ ነው፤ ዙሙ ጫፍ ሲደርስ ግን ያለ ትራይፖድ (ባለሦስት እግር ማቆሚያ) የትኛውም አይረጋም።

ድምፅ

ከዓመታት በኋላ የቤተሰብ ቪዲዮ ሲከፈት ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ድምፅን ነው፤ የአያትን ጨዋታ፣ የሕፃንን የመጀመሪያ ቃላት። ምስሉ ትንሽ ቢደበዝዝ ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ የማይሰማ ንግግር ግን እንደሌለ ይቆጠራል። የካሜራው የራሱ ማይክሮፎን የያዘውን እጅ ኮሽታ፣ የክፍሉን ማስተጋባትና ከተናጋሪው ይልቅ ለካሜራው የቀረበውን ጫጫታ ሁሉ አብሮ ይቀርጻል። መፍትሔው ውጫዊ ማይክሮፎን ለተናጋሪው ማስጠጋት ነው፤ ይህም የሚቻለው ካሜራው የማይክሮፎን መሰኪያ ካለው ብቻ ነው። ካኖኑና ፓናሶኒኩ የማይክሮፎንም የጆሮ ማዳመጫም መሰኪያ አላቸው፤ ሶኒው የማይክሮፎን መሰኪያ የለውም። በእኔ እምነት የሶኒው ትልቁ ጉድለት ከሴንሰሩም ይልቅ ይህ ነው፤ ምክንያቱም የብርሃን እጥረትን ተጨማሪ መብራት በማብራት ማቃለል ሲቻል፣ የሌለ መሰኪያ በኋላ አይጨመርም። ሽማግሌዎችን እያወያየ ታሪካቸውን ለማስቀረት ያሰበ ሰው ሶኒውን ባይመርጥ እመክራለሁ።

የፋይል ዓይነትና ካርድ

ሦስቱም ኤቪሲኤችዲ በተባለውና ሶኒና ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባስተዋወቁት ዓይነት እንዲሁም በኤምፒ4 ይቀርጻሉ። ኤምፒ4 በስልክም በኮምፒውተርም በቀላሉ ስለሚከፈት ለአብዛኛው ሰው ይመቻል። ኤቪሲኤችዲን የመረጠ ግን ቪዲዮውን ወደ ኮምፒውተር ሲያዛውር ነጠላ ፋይሎችን ሳይሆን ካርዱ ላይ ያለውን ማኅደር በሙሉ እንዳለ መገልበጥ አለበት፤ ረጅም ቀረጻ በብዙ ፋይሎች ተከፋፍሎ ስለሚቀመጥና የማያያዣው መረጃ ከጎደለ በመጋጠሚያው ላይ ድምፁ ለቅጽበት ሊቋረጥ ስለሚችል ነው።

በኤቪሲኤችዲ ከፍተኛው ጥራት በሰከንድ 28 ሜጋቢት ሲሆን ይህ በሰዓት 12.6 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል፤ ስለዚህ የ32 ጊጋባይት ካርድ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይቀርጻል። ሶኒው ኤክስኤቪሲ ኤስ በተባለው ተጨማሪ ዓይነት በሰከንድ እስከ 50 ሜጋቢት ይደርሳል፤ ለዚህ ኤስዲኤክስሲ የተባለው፣ ከ32 ጊጋባይት በላይ የሚይዝ ካርድ የሚያስፈልግ ሲሆን 64 ጊጋባይቱ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ይሞላል። ሶኒው የሚቀበለው ትንሹን ማይክሮ ኤስዲ ካርድ ሲሆን ሌሎቹ ሁለቱ ትልቁን ኤስዲ ካርድ ይቀበላሉ።

ከመክፈል በፊት የግድ መጣራት ያለበት ሌላው ነገር ካሜራው በሰከንድ 50 ወይስ 60 ምስል የሚቀርጽ መሆኑ ነው። አምራቾች አንዱን ሞዴል ለተለያዩ አገሮች በሁለት ዓይነት ያዘጋጃሉ። የኤሌክትሪክ ኃይሉ 50 ኸርዝ በሆነ አገር ለ60 የተሠራ ካሜራ ከተያዘ፣ በአንዳንድ መብራቶች ሥር ምስሉ ብልጭ ድርግም ይላል። ከሌላ አገር በሰው እጅ የሚመጣ ካሜራ ላይ ይህ ችግር ሊያጋጥም ስለሚችል፣ የሚያመጣው ሰው ሳይገዛ በፊት ቢነገረው መልካም ነው።

ለማን የትኛው?

ሲኤክስ405 ቀላል ክብደት ለሚፈልግ፣ በአብዛኛው ቀን ለሚቀርጽና ሰፊ እይታ ለሚያስፈልገው ሰው ይስማማል፤ የዩኤስቢ ገመዱ በእጅ ማሰሪያው ውስጥ የተሠራ በመሆኑም በጉዞ ላይ ቻርጅ ለማድረግ ይመቻል። ስክሪኑ ግን በመንካት አይሠራም። አር800 የማይክሮፎን መሰኪያና በመንካት የሚሠራ ስክሪን በአንድ ላይ ስለያዘ፣ ቦታው ጠባብ እስካልሆነ ድረስ ለዝግጅቶችና ለንግግሮች ቀረጻ ከሶኒው እመርጠዋለሁ። ገንዘቡ የሚፈቅድለት ሰው ግን ቪ770ን ቢወስድ አይጸጸትም፤ ትልቅ ሴንሰር፣ በቂ ስፋት፣ የድምፅ መሰኪያዎችና ዋይፋይ ስላለው ከላይ ከተነሱት ሦስት ነገሮች በአንዱም አያሳፍርም።

ከዚህም ከፍ ብሎ 4ኬ፣ ማለትም የሙሉ ኤችዲን አራት እጥፍ ፒክስል ያለው ምስል፣ የሚፈልግ ሰው የሶኒን ኤፍዲአር-ኤኤክስ53 ሊመለከት ይችላል፤ ሌንሱና ሴንሰሩ አንድ ላይ ሆነው በሚንሳፈፉበት ማረጋጊያው ከሦስቱም በልጦ ይረጋል። በከፍተኛው ጥራት በሰከንድ 100 ሜጋቢት ስለሚቀርጽ ግን በየሰዓቱ 45 ጊጋባይት ይፈልጋል፤ ፈጣን ካርድ፣ ጠንካራ ኮምፒውተርና ሰፊ ማስቀመጫ የሌለው ሰው በሙሉ ኤችዲ ቢቆይ ይሻለዋል።

ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ሰው ባትሪው ያበጠ አለመሆኑን፣ የሌንሱ ክዳን ያለ ችግር መከፈቱን፣ ዙሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይንተፋተፍ መሄዱን ይይ። ከዚያም በራሱ ካርድ፣ መብራቱ ቀነስ ባለ ክፍል ውስጥ አምስት ደቂቃ ቀርጾ በስልኩ ትንሽ ስክሪን ሳይሆን በቴሌቪዥን ወይም በኮምፒውተር ከፍቶ ይመልከተው፤ ድምፁንም በጆሮ ማዳመጫ ይስማ።