ሰባት ሳምንት ለጥርስ ማስተካከያ አይበቃም

ባለፈው ክረምት የ12 ዓመት ልጄን ይዤ ከሜሪላንድ ወደ አዲስ አበባ ስመጣ፣ ዘመድ ከመጠየቅ ቀጥሎ በልቤ የያዝኩት ትልቁ ጉዳይ የጥርሷ ነገር ነበር። የላይኛው ግራ ክራንቻዋ ቦታ አጥቶ ከሌሎቹ በላይ ተደርቦ እየወጣ ነው፤ በቀኝ በኩል ደግሞ የላይኞቹ መንጋጋ ጥርሶቿ ከታችኞቹ ወደ ውስጥ ገብተው ይገጥማሉ። ሜሪላንድ ውስጥ የተነገረን ዋጋ በሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነበር፤ ኢንሹራንሳችንም የሚሸፍነው ከፊሉን ብቻ በመሆኑ፣ አገር ቤት ብናሠራውስ የሚል ሐሳብ መጣብኝ። በ7 ሳምንት ቆይታዬ ሦስት ክሊኒኮች ገብቻለሁ። ይህንኑ አስበው ልጆቻቸውን ይዘው ለሚመጡ ወላጆች ይጠቅም ዘንድ ያየሁትን እጽፋለሁ።

የመጀመሪያው ቦሌ አካባቢ የሚገኝ፣ መጠበቂያ ክፍሉ ያማረ፣ አቀባበሉም ትሕትና ያልተለየው ክሊኒክ ነው። ሐኪሙ የልጄን አፍ በመስታወት አየ፤ አንድም ኤክስሬይ ሳያስነሳ በማግስቱ ብሬስ፣ ማለትም ጥርስን ቀስ በቀስ የሚያስተካክለውን ሽቦ፣ ሊያስርላት እንደሚችል፣ ቀሪውንም አሜሪካ ያለ ማንኛውም የጥርስ ሐኪም ሊቀጥለው እንደሚችል ነገረኝ። ዋጋው እዚያ ከተጠየቅሁት ከሩብ በታች ስለ ነበረ መፈተኔን አልክድም። ነገር ግን ልጄ ሽቦው በጉዞ ላይ ቢላቀቅ ማን እንደሚያስተካክልላት ስትጠይቀው የሰጣት መልስ አላረካኝም። ኋላ እንደተረዳሁት፣ ሌላ ሐኪም በጀመረው ሥራ ላይ መግባት ብዙ ሐኪሞች የማይወዱት ነገር ነው፤ የሚቀበሉትም ቢሆኑ አብዛኛውን ጊዜ እንደ አዲስ ያስከፍላሉ።

ሁለተኛው ክሊኒክ ያቀረበልን በስካነር ቅርጽ ተነሥቶ የሚሠራውን ግልጽ አላይነር፣ ማለትም ጥርስ ላይ የሚጠለቅና ተራ በተራ የሚቀያየር የፕላስቲክ ሽፋን ነው። ሙሉውን ተከታታይ በሻንጣ ይዞ መመለስ ስለሚቻል ለመንገደኛ የተሠራ ይመስላል። ሆኖም አላይነር በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መቆየት አለበት፤ በየአንድ ወይም ሁለት ሳምንቱ በቀጣዩ ይተካል፤ አንዱ ጥርስ ከታቀደለት ወደ ኋላ ከቀረ ደግሞ እንደገና ስካን ማድረግ ያስፈልጋል። ክራንቻዋ ገና ወርዶ ላላለቀ ልጅ ይህ እንደሚያጋጥም ሐኪሟ ስጠይቃት ሳትሸሽግ ነግራኛለች፤ ስለዚህ ቅንነቷን አመስግኜ ወጣሁ።

በሦስተኛው ያገኘናቸው ኦርቶዶንቲስት፣ ማለትም የጥርስ ማስተካከል ልዩ ሐኪም፣ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ሰጡን። ጣት ትጠባ እንደ ነበረ፣ ስትተኛ በአፏ ትተነፍስ እንደ ሆነ ጠየቁ፤ ከዚያ መላውን መንጋጋ በአንድ ጊዜ የሚያሳየውን ፓኖራሚክ ኤክስሬይና የራስ ቅሏን ከጎን የሚያሳየውን ሌላ ኤክስሬይ አስነሡ። የልጄ ችግር ከጥርሶቹ ይልቅ የላይኛው መንጋጋዋ ጥበት መሆኑን፣ ስለዚህም ከብሬስ በፊት ላንቃን የሚያሰፋ መሣሪያ እንደሚያስፈልጋት በሥዕል አሳዩን። መሣሪያው በላንቃው መካከል ያለው የአጥንት መጋጠሚያ ሳይጠነክር መግባት አለበት፤ ወላጅ ቤት ውስጥ በትንሽ ቁልፍ እያዞረው፣ ሐኪሙም በቅርብ እየተከታተለው ነው የሚሠራው። ጥርስ የሚንቀሳቀሰው የተገፋበት ወገን አጥንቱ እየሟሟ፣ የተለቀቀው ወገን ደግሞ አዲስ አጥንት እየተተካ፣ በወር በግምት 1 ሚሊ ሜትር ስለ ሆነ፣ ሙሉ ሕክምናው ብዙውን ጊዜ ከ18 እስከ 24 ወር እንደሚፈጅና በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ መታየት እንዳለባት አስረዱን። በመጨረሻም «እዚህ አትጀምሩ፤ በምትኖሩበት ጀምሩ» አሉኝ። ያስከፈሉን የምርመራውንና የኤክስሬዩን ብቻ ነው። የኤክስሬዩን ቅጂ በፍላሽ፣ አስተያየታቸውንም በደብዳቤ ሰጡኝ። ከሦስቱ ክሊኒኮች ያገኘሁት ትልቁ አገልግሎት ይህ እምቢታ ነው ብዬ አምናለሁ።

እዚያው ክሊኒክ ሕክምናውን የጀመረችው የ15 ዓመቷ የእህቴ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ስለምትኖር በየወሩ መቅረብ ትችላለች፤ ወጪውን እኔ ለመሸፈን ተስማማን። የላይኞቹ የፊት ጥርሶቿ የታችኞቹን ፈጽመው ሸፍነዋቸው፣ የታችኞቹ ላንቃዋን እየነኩ ያቆስሏት ነበር። ሐኪሙ ኤክስሬዩን እያዩ ሕፃን ሳለች ግግ ወጥቶላት እንደ ሆነ እህቴን ጠየቋት። እህቴ ዝም ብላ ቆየችና አዎን አለች፤ ትኩሳትና ተቅማጥ በያዛት ጊዜ ጎረቤት መክሯቸው አስወጥተውላት ነበር። ድዱ ሲቆፈር ከሥሩ የነበረው የቋሚ ክራንቻ እንቡጥ ተጎድቶ፣ አንዱ የታች ክራንቻዋ ቅርጹ ተበላሽቶ ወጥቷል። ሐኪሙ እህቴን አንድም ቃል አልወቀሱም፤ ዕቅዱን ያንን ጥርስ ከግምት አስገብተው አወጡት። በመስታወት ብቻ ያየው የመጀመሪያው ሐኪም ይህችን ልጅ ቢያገኛት ኖሮ ምን ያደርግ እንደ ነበር ማሰብ ያስጨንቀኛል።

ልጅቷ እስከ 8 ዓመቷ ያደገችው ባቱ ነው፤ የስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛበት ጥርሶቿ ቡናማ ቀለም አላቸው። ሽቦውን የሚይዘው ትንሽ ማያያዣ፣ ብሬኬት፣ ከመለጠፉ በፊት ጥርሱን የሚያሻክረው አሲድ በእንዲህ ያለ ጥርስ ላይ ቶሎ አይሠራም፤ ሐኪሙም አሲዱን ረዘም አድርገው እንደሚያቆዩት፣ ቢሆንም አንዳንዱ ብሬኬት ሊወልቅ እንደሚችል አስቀድመው ነገሩን። እንዳሉትም በ10ኛው ቀን አንዱ ወለቀ፤ ያለ ክፍያ መልሰው ለጠፉት። እህቴ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የልጅቷ ፍንጭት እንዳይዘጋ። ሐኪሙ ጥያቄውን ከቁም ነገር ቆጥረው፣ ሽቦው ክፍተትን ቶሎ የሚዘጋ ስለ ሆነ ከመጀመሪያው መታቀድ እንዳለበት ገልጸው በካርዱ ላይ ጻፉት።

የመረጥነው የብረቱን ብሬስ ነው፤ ሴራሚኩ ለዓይን ባይጎላም ይሰበራል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ሥራው ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ፤ መብራት ቢጠፋም ጄኔሬተሩ ወዲያው ተነሣ። ክፍያው ግማሹ በመጀመሪያ፣ ቀሪው በየቀጠሮው ነው። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕመሙ ስለሚበረታ ሽሮ ፍትፍትና አጥሚት ብቻ ነበር የምትበላው፤ ቆሎና ሸንኮራ እስከ ፍጻሜው ተከልክላለች። ከተፈታም በኋላ ጥርሶቹ ወደ ቀድሞ ቦታቸው እንዳይመለሱ ሪቴይነር ማድረግ ይኖርባታል፤ የዚህን ዋጋ በውሉ ውስጥ እንዲያካትቱ የጠየቅሁት እኔ ነኝ፤ ሌሎችም አስቀድመው ቢጠይቁ መልካም ነው።

ቅር ያሰኘኝ ነገር ቢኖር ቀጠሮ ለመቀየር ስልክ ሲደወል በቀላሉ አለመነሣቱ ነው፤ እህቴ በአካል ሄዳ ነው የምታስቀይረው። እኔ በበኩሌ ፍላሹንና ደብዳቤውን ለሜሪላንዷ ሐኪም ሰጠኋት፤ ከጎን የተነሣውን ኤክስሬይ ስለ ተቀበለችው ልጄ ሁለተኛ ለጨረር አልተጋለጠችም፤ ላንቃ ማስፊያውም ገብቶላት በየማታው በቁልፍ አዞርላታለሁ።