አክስቴ ከቀለበት መንገዱ ማዶ

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዋሽንግተንን በሚዞረው ቤልትዌይ አጠገብ ነው። 103 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን ያንን መንገድ ስረግመው ዓመታት አልፈዋል። ዘንድሮ ለፋሲካ አዲስ አበባ ገብቼ ሦስት ሳምንት ስቀመጥ ግን እርግማኔን የሚጋራ ሌላ መንገድ አገኘሁ።

እህቴ የምትኖረው ቦሌ ሚካኤል አካባቢ፣ ከቀለበት መንገዱ ወዲህ ነው። አክስታችን ከወዲያ ማዶ ናት፤ ከእህቴ ሰገነት ላይ የቤቷ ቆርቆሮ ይታያል። የተጠቀምኩባቸውን አገልግሎቶች የመዘንኩት በዚህችው አጭር ርቀት ነው።

የመጀመሪያው በስልክ የሚጠራ ታክሲ ነበር። አክስቴ ቡና ልታፈላ መሆኑን ደውላ ስትነግረኝ ጠራሁ። ስልኩ ሦስት ደቂቃ አለ። መኪናው እውነትም ቅርብ ነበር፣ ግን በዚያኛው አቅጣጫ! መንገዱ መሐል ለመሐል የታጠረ ስለሆነ ሾፌሩ እኔ ጋ ለመድረስ እስከ ቀጣዩ መዞሪያ ሄዶ መመለስ ነበረበት። እኔን ከጫነ በኋላም በሌላ መዞሪያ ዞረ። «ጋሼ፣ በእግርዎ ቢሻገሩ ይቀልዎት ነበር» አለኝ፤ ሒሳቡ ግን እየቆጠረ ነው። ልጁ ጨዋ፣ መኪናውም ንጹሕ ነበር። አቦልና ቶና አልፈው በረካ ላይ ደረስኩ።

ወደ መገናኛ በሚኒባስ ሄድኩ። ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ አራተኛ ሰው ጎኔ ቢያስቀምጥም ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ አይደርስም። ከመገናኛ ጦር ኃይሎች ደግሞ ባቡር ያዝኩ። ሁለቱም ቀለበት መንገዱ ላይ ያሉ ሰፈሮች ናቸው፤ ባቡሩ መሐል ከተማውን ሰንጥቆ ያገናኛቸዋል። መንገዱ በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት፣ 33 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ በቻይና ኩባንያ ሲሠራ ስሙ ቀለበት ቢባልም በሰሜን በኩል አልገጠመም። የእኛ የአሜሪካው ቢያንስ ዞሮ ይገጥማል።

ከሁሉም የረካሁት ግን በእግረኛው ድልድይ ነው። ደረጃው ቀጥ ያለ በመሆኑ ጉልበቴን አሞኛል። ላይ ሲደርሱ ካልሲ የዘረጋ፣ ቆሎ የሚሰፍር፣ ሚዛን ይዞ ኪሎ የሚመዝን ልጅ አለ። ተመዘንኩ፤ ከዶሮ ወጡ በኋላ ባልመዘን ይሻለኝ ነበር። አክስቴ ቤት ስገባ ቡናው ገና እየተቆላ ነበር።

እሷ ግን እህቴ ቤት ከመጣች ሁለት ዓመት ሊሆናት ነው። ደረጃውን አትችለውም፤ ለዚህች ርቀት መኪና መከራየትም ያሳፍራታል።

ከመመለሴ በፊት ባለው እሑድ ያንኑ ታክሲ ለእሷ ጠራሁላት። እህቴ ምጣዱን የጣደችው መኪናው ሁለተኛው መዞሪያ ላይ መድረሱን ስልኬ ላይ አይታ ነው።