«በቂ ነው» እና «6.3»

ሮልስ ሮይስ ለብዙ አሥርት ዓመታት የሞተሮቹን የፈረስ ጉልበት በይፋ አይናገርም ነበር። ለጠየቀው ሁሉ መልሱ «በቂ ነው» የሚል ነበር። ሲልቨር ሻዶው የተባለው መኪናው እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ 6.75 ሊትር፣ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር ተሸክሞ እንኳ ቁጥሩ አልወጣም። ያ ሁሉ ስፋት ለሩጫ አልታሰበም። ትልቅ ሞተር በዝቅተኛ ዙር ብዙ ጉልበት ስለሚሰጥ፣ ከሁለት ቶን በላይ የሚመዝነው መኪና ያለ ጩኸት ከቆመበት ይነሣል። ከኋላ የተቀመጠው ሰው ጋዜጣውን ማንበቡን አያቋርጥም።

መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1968 ያቀረበው 300 ኤስ ኢ ኤል 6.3 ግን የሞተሩን መጠን፣ 6.3 ሊትርን፣ ከነስሙ ከኋላው ለጠፈ። 600 የተባለውን ግዙፍ መርሴዲስ ሞተር ወስደው አነስ ባለ አካል ውስጥ አስገቡት፤ 250 የፈረስ ጉልበት፣ በሰዓት እስከ 220 ኪሎ ሜትር። ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 6.5 ሰከንድ ይበቃዋል፤ ለዘመኑ የቤተሰብ መኪና ይህ የሚያስደነግጥ ነበር። መሪውን ራሱ ለሚይዝ ባለቤት የተሠራ መኪና ነው።

የመርሴዲሱን ድፍረት ከልቤ አደንቃለሁ። ረጅም መንገድ ለመሄድ ግን ያለ ማመንታት ሲልቨር ሻዶውን እመርጣለሁ፤ ጉልበቱን ሳይጠቀምበት እንኳ እንዳለው ይሰማኛልና።